የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በአሮን ትከሻና ደረት ላይ የተጻፉ ስሞች

ባለፈው ሳምንት ስለ ደብተራ ኦሪት ከተነጋገርን በኋላ የደወሉልን አድማጮች አብዛኞቹ ያነሡት የካህናቱን ልብስ ነው። ለአምስቱ ጥያቄዎች የተሰጠው መልስ በጽሑፍ እንደሚከተለው ቀርቧል።

ከደብረ ብርሃን የደወሉ እናት፦ «መምህር፣ እግዚአብሔር ልብን እንጂ ልብስን አያይም እየተባልን ነው ያደግነው። ታዲያ ለአንድ ካህን ያ ሁሉ ወርቅና ዕንቁ ለምን አስፈለገ?»

እናቴ፣ ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 ራሱ ልብሱ «ለክብርና ለጌጥ» እንዲሆን ስለሚያዝዝ፣ ጌጥነቱን መካድ አንችልም። ልንጠይቅ የሚገባን ክብሩ የማን ነው የሚለውን ነው። ተራው ካህን የሚለብሰው እጀ ጠባብ፣ ሱሪ፣ መታጠቂያና ቆብ ብቻ ሲሆን፣ ሊቀ ካህናቱ በቆቡ ፈንታ መጠምጠሚያ አድርጎ ቀሚስ፣ ኤፉድ (በቀሚሱ ላይ የሚደረብ፣ በትከሻ የሚያያዝ ልብስ)፣ የደረት ኪስና በግንባሩ ላይ የወርቅ ቅጠል ይጨምር ነበር፤ በጠቅላላው 8 ማለት ነው።

ኤፉዱን ቀረብ ብለን እንየው። ወርቁ ተቀጥቅጦ እንደ ቅጠል ከሳሳ በኋላ በቀጭኑ እየተቆረጠ ክር ይሆንና ከሰማያዊ፣ ከሐምራዊ፣ ከቀይ ግምጃና ከጥሩ በፍታ ጋር ይሠራ ነበር። የታልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ የሕግ ትርጓሜ መጽሐፍ፣ ሊቃውንት ከአራቱ ዓይነቶች እያንዳንዱ 6 ክር ሆኖ አንድ የወርቅ ክር ይታከልበት ስለነበር፣ በአንድነት 28 ክር ይገመድ ነበር ይላሉ። በሁለቱ ትከሻዎች ላይ ሁለት የከበሩ ድንጋዮች ተቀምጠው፣ በየአንዳንዳቸው የስድስት ነገድ ስም ተቀርጾባቸዋል። ርዝመቱም ወርዱም አንድ ስንዝር በሆነው፣ ታጥፎ በተደረበው የደረት ኪስ ላይ ደግሞ 12 ዕንቁዎች በአራት ተራ ተሰክተው፣ እያንዳንዱ የአንድ ነገድ ስም ይዟል።

ስሞቹ ሁለት ጊዜ መጻፋቸው ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ትከሻ ሸክም የሚያርፍበት ነው፤ በዚያ ሊቀ ካህናቱ ሕዝቡን በጅምላ፣ ስድስት ስድስት አድርጎ ይሸከመዋል። በልብ ላይ ግን ሮቤልም ይሳኮርም ለየራሱ ቦታና ቀለም አለው። ግንባሩ ላይ ያለው ጽሑፍ «ቅድስና ለእግዚአብሔር» የሚል ነው። የመጀመሪያው ሊቀ ካህናት የአሮን ስም በዚያ ሁሉ ጌጥ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጻፈም፤ ስለዚህ እናቴ፣ ልብሱ ለሰውዬው መታያ ሳይሆን የሌሎችን ስም ይዞ መግቢያው ነበር።

ከሪሾን ለጽዮን የደወሉ አባት፦ «ኦሪት ሱፍና ተልባ እግር የተቀላቀለበትን ልብስ ትከለክላለች። ካህኑስ እንዴት ለበሰው?»

ክልከላው በዘሌዋውያን 19 እና በዘዳግም 22 ይገኛል። በአይሁድ ሊቃውንት ትውፊት መሠረት ባለቀለሙ ክር ሱፍ፣ በፍታው ደግሞ ተልባ እግር በመሆኑ፣ የካህኑ ልብስ በትእዛዝ የተፈቀደ ቅይጥ ነው። ለእኔ የሚያሳምነኝ ማብራሪያ፣ ቅይጡ ለሕዝቡ የተከለከለው ርኩስ ስለሆነ ሳይሆን ለመቅደሱ ስለተለየ ነው የሚለው ነው። ሆኖም በዘኍልቍ 15 እያንዳንዱ እስራኤላዊ በልብሱ ዘርፍ ላይ አንድ ሰማያዊ ፈትል እንዲያደርግ ታዟል፤ ከሊቀ ካህናቱ ቀለም አንዲት ክር ለገበሬውም ለእረኛውም ደረሰችው ማለት ነው። ይህም ቀላል ስጦታ አልነበረም፤ ሐምራዊውና ሰማያዊው የሚቀዱት ከባሕር ቀንድ አውጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1909 አንድ ኬሚስት ከ12,000 ቀንድ አውጣዎች ያገኘው ሐምራዊ ቀለም 1.4 ግራም ብቻ ነበር።

ከሐዋሳ የደወለ ወጣት፦ «ሊቀ ካህናቱ ቅድስተ ቅዱሳን ውስጥ ቢሞት እንዲጎትቱት እግሩ ላይ ገመድ ይታሰር ነበር፤ መሞቱም በልብሱ ላይ ያለው የሻኩራ (የትንሽ ደወል) ድምፅ ሲጠፋ ይታወቅ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?»

ወንድሜ፣ ይህ በስብከት ላይ ደጋግሞ የሚነገር ታሪክ ቢሆንም በኦሪትም፣ በሚሽናም (ታልሙድ በሚያብራራው የአይሁድ የቃል ሕግ ስብስብ)፣ በታልሙድም አይገኝም። በእግር ላይ ስለሚታሰር ገመድ የሚናገረው ዞሃር በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በስፔን የታወቀ የአይሁድ የምሥጢር ትምህርት መጽሐፍ ነው፤ ቤተ መቅደሱ ከፈረሰ ከ1,100 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። በተጨማሪም ባለሻኩራው ቀሚስ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን አይገባም ነበር። ቀሚሱ ሁለንተናው ሰማያዊ ሆኖ፣ በታችኛው ዘርፉ ዙሪያ ከሦስቱ ቀለማት የተሠሩ ሮማኖች፣ በመካከላቸውም የወርቅ ሻኩራዎች ነበሩበት። አሮን ከቅድስተ ቅዱሳን በፊት ወዳለው የመቅደሱ ክፍል ሲገባና ሲወጣ ድምፁ እንዲሰማ ታዟል፤ ወደ ንጉሥ ቤት ሳያስታውቁ ዘው ማለት አይገባምና። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በጽናው ላይ የሚንሿሿውም በዚሁ ስም ሻኩራ ይባላል።

ከዋሽንግተን የደወሉ እኅት፦ «በማስተስረያ ቀን ወርቁን አውልቆ ነጭ የለበሰው ለምንድን ነው?»

በዘሌዋውያን 16 መሠረት በዚያ ቀን ወደ ቅድስተ ቅዱሳን የሚገባው የተልባ እግር እጀ ጠባብ፣ ሱሪ፣ መታጠቂያና መጠምጠሚያ ብቻ አድርጎ ነው። የታልሙድ መልስ አጭርና ብርቱ ነው፤ ከሳሽ ጠበቃ ሊሆን አይችልም ይላል። ሕዝቡ በወርቅ ጥጃ በድሏልና፣ ስለ ኃጢአቱ ምሕረት የሚለምነው ሰው ወርቅ ለብሶ አይቀርብም። ሚሽና እንደሚተርከው ሊቀ ካህናቱ በዚያ ቀን ከወርቁ ወደ ነጩ፣ ከነጩ ወደ ወርቁ እየተመላለሰ 5 ጊዜ መላ ገላውን ይነከር፣ 10 ጊዜም እጁንና እግሩን ይታጠብ ነበር። ወርቁ በሕዝቡ ፊት፣ ነጩ በእግዚአብሔር ፊት መሆኑን ልብ ይበሉ።

ከጎንደር የደወሉ አባት፦ «ልብሱ የካህኑ የራሱ ነበር? ሲያረጅስ ምን ይደረጋል?»

የራሱ አልነበረም፤ በዘፀአት 29 መሠረት ለሚተካው ልጁ ይተላለፋል። በዘኍልቍ 20 ሙሴ በሖር ተራራ ላይ የአሮንን ልብስ አውልቆ ልጁን አልዓዛርን አለበሰውና አሮን በዚያው ሞተ፤ አባት ልብሱን በልጁ ገላ ላይ አይቶ ያረፈበትን ያንን ሰዓት ሳስበው ቃል ያጥረኛል። በኋላ ዘመን የሮማ ገዥዎች የሊቀ ካህናቱን ልብስ በኢየሩሳሌም በአንቶንያ ምሽግ ቆልፈው ለበዓል ብቻ ያወጡት እንደነበር አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ጆሴፈስ ጽፏል፤ ልብሱን የያዘ ክህነቱን እንደያዘ ያውቁ ነበርና። ያረጀው የካህናት ሱሪና መታጠቂያ ደግሞ አይጣልም ነበር። ሚሽና እንደሚለው በዳስ በዓል ምሽት እየተተረተረ የታላላቆቹ የወርቅ መቅረዞች የመብራት ክር ይሆናል፤ ከዚያ ብርሃን የተነሣ በኢየሩሳሌም ያልበራ ግቢ አልነበረም።