የሰፈራቸውን ስም ይዘው የወጡ ልጆች

ውድ ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም ከኋላ ጊታራችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፋችሁ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ ማታ ስለ አንድ አልበም እንድናገር ነው የጋበዛችሁኝ። ከአልበሙ በፊት ግን የከተማችንን የሳንዲያጎን ባቡር፣ ሰማያዊውን ትሮሊ አስቡልኝ። ብዙዎቻችሁ ለሥራ ትሳፈሩበታላችሁ። ወደ ደቡብ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ከሄዳችሁ ሳን ኢሲድሮ ትደርሳላችሁ። ከትሮሊው ስትወርዱ ፊት ለፊታችሁ ድንበሩ ነው። ከድንበሩ ማዶ የሜክሲኮዋ ቲኋና። በዓለም ላይ ሰውና መኪና ከሚበዛባቸው የየብስ መሻገሪያዎች አንዱ ነው። ስፓኒሽና እንግሊዝኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀላቅለው የሚነገሩበት ሰፈር ነው። ያንን የሳንዲያጎ ደቡብ ጫፍ ልጆቹ ሳውዝታውን ይሉታል።

አልበሙ የዚያ ሰፈር ልጅ ነው። ባንዱ ፒ.ኦ.ዲ. ይባላል። አልበሙ "ዘ ፈንዳመንታል ኤለመንትስ ኦፍ ሳውዝታውን"። እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1999 በአትላንቲክ ሬከርድስ ወጣ። ባንዱ በትልቅ ኩባንያ ያሳተመው የመጀመሪያው አልበም ነው። ርዕሱን አስተውሉልኝ። ሰው ትልቅ በር ሲከፈትለት አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያራግፈው የሰፈሩን አቧራ ነው። እነዚህ ልጆች ግን የሰፈራቸውን ስም ሽፋኑ ላይ ጽፈው ገቡ።

እኔ ይህን አልበም የሰማሁት አዲስ አበባ ነው። ዘመዴ ከአሜሪካ ሲመጣ ኮፒ የተደረገ ሲዲ ይዞልኝ መጣ። ሽፋን የለውም። ላዩ ላይ በማርከር ሦስት ፊደል ብቻ ተጽፎበታል። ያን ጊዜ በመዘምራን ውስጥ ቤዝ እመታ ነበር። በዚያው ሳምንት በልምምድ ላይ የጊታሪስታችንን ድምፅ ትንሽ ሻከር አድርገነው ነበር። አንድ ታላቅ ሰው መጡና ምንም ሳይናገሩ የአምፑን፣ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ከሶኬቱ ነቀሉት። ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። ገመዱ መሬት ለመሬት እየተጎተተ በበሩ ሲወጣ አሁንም ይታየኛል። ማናችንም አልተናገርንም። ቤት ገብቼ ሲዲውን ከፈትኩት። ጊታሩ ሲጀምር ደነገጥኩ። ሰዎቹ ያንን ድምፅ ይዘው ስለ ጌታ ነበር የሚጮኹት።

ስለዚህ ዛሬ የማወራው እንደ ሙዚቃ ተንታኝ አይደለም። ይህ ነገር ስለሚያገባኝ ነው።

ከስማቸው ልነሳ። ፒ.ኦ.ዲ. የሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ምህፃረ ቃል ነው። ትርጉሙ "ሲሞት የሚከፈል" ማለት ነው። የባንክ ቃል ነው። እዚህ አገር ሂሳብ ስትከፍቱ፣ እኔ ብሞት ገንዘቡ ለእገሌ ይሰጥ ብላችሁ ስም ታስመዘግባላችሁ። ባለ ሂሳቡ ሲሞት የተጻፈው ሰው ይወርሳል። ልጆቹ ይህንን የባንክ ቃል ወስደው ስለ ክርስቶስ ተናገሩበት። እሱ ሞተ፣ ዕዳው ተከፈለ፣ ወራሾቹ እኛ ነን። ከባንክ ፎርም ላይ ወንጌል ያነበቡ ልጆች ናቸው። እኔ እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ የባንድ ስም አልሰማሁም።

ባንዱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከበሮው ላይ ዉቭ በርናርዶ፣ ጊታሩ ላይ ማርኮስ ኩሪኤል ነበሩ። ቤዚስቱ ትራ ዳኒልስ ቆይቶ ነው የመጣው። ድምፃዊው ሶኒ ሳንዶቫል የዉቭ ዘመድ ነው። የሶኒ እናት ታማ ሞተች። በዚያ መከራ ውስጥ ነው ሶኒ ልቡን ለጌታ የሰጠው። ዉቭ ደግሞ ሐዘኑን እንዲረሳ ብሎ ወደ ባንዱ አስገባው። እኛ አበሾች ይህ ይገባናል። ሐዘንተኛን ብቻውን አናስቀምጥም። ድንኳን ተክለን አብረነው እንቀመጣለን። የሶኒ ድንኳን የልምምድ ክፍሉ ሆነለት። አልበሙ ላይ የምትሰሙት ያ ጩኸት ከዚያ ለቅሶ የተረፈ ይመስለኛል።

አሁን ወላጆች አንድ አፍታ ልብ በሉልኝ። እነዚህን ልጆች ማን ፈለጋቸው? በመጀመሪያ ማንም። የዉቭ አባት፣ ኖዋ በርናርዶ፣ ሬስኪው ሬከርድስ የሚባል ትንሽ አሳታሚ አቋቋሙ። ልጆቹ በ1994 አንድ፣ በ1996 ሁለተኛ፣ በ1997 ደግሞ በመድረክ የተቀዳ አልበም በእሳቸው በኩል አወጡ። አስቡት። ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ጆሮ የሚበሳ ሙዚቃ ይመታል። ፀጉራቸውን ጎንጉነዋል፣ ተነቅሰዋል፣ ይጮኻሉ። ከጩኸቱ ውስጥ እምነቱን ለሰሙ አባት ግን ሌላው ነገር በር የሚያስዘጋ አልሆነባቸውም።

ከዚያ ፈተናው መጣ። ኤሴንሻል ሬከርድስ የሚባል የክርስቲያን ሙዚቃ ኩባንያ 100,000 ዶላር ውል አቀረበላቸው። በየከተማው እየዞሩ ለሚጫወቱ ልጆች ይህ ቀላል ብር አይደለም። ሶኒ ለማናጀራቸው ለቲም ኩክ፣ እግዚአብሔር ከዚህ የሚበልጥ ዕቅድ አለው፣ ይቅርብን አለው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እፈርም ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ።

አትላንቲክም ወዲያው አልተቀበላቸውም። የኩባንያው ሰው ጆን ሩቤሊ ናሙናቸውን ሲሰማ ብዙም አልገባውም። በኋላ ሎስ አንጀለስ፣ ሮክሲ በሚባለው የሙዚቃ ቤት ሲጫወቱ ሄዶ አያቸው። እዚያ ታች የቆሙት ልጆችም ማረኩት። የባንዱን ቲሸርት ለብሰዋል። የእያንዳንዱን ዘፈን ግጥም በቃላቸው ይዘውታል። ኩባንያው ያስፈረመው ባንድ አድማጩን ከዓመታት በፊት ያፈራ ባንድ ነበር። ስለዚህ "መጀመሪያ" የሚለው ቃል ለዚህ አልበም ትንሽ ያሳስታል። ከኋላው የሰባት ዓመት ድካም አለ።

ወደ ሙዚቃው ልግባ። ፕሮዲውሰሩ ሃዋርድ ቤንሰን ነው። ራፕ አለ፣ ሜታል አለ፣ ሬጌ አለ። ሦስቱ ሲቀላቀሉ መጣላት ነበረባቸው። እዚህ ግን የአንድ ሰፈር ሰዎች ስለሆኑ ይግባባሉ። አንዱ ሥራ ርዕሱ ስፓኒሽ ነው፣ "ይቅርታ" እንደማለት። አንዱ ዩቱ የሚባለውን የአየርላንድ ባንድ ዘፈን እንደገና የሠሩበት ነው። አንዱ በሬጌ ስልት ዓይንህን ወደ ጽዮን አድርግ ይላል። ሬጌና ጽዮን ሲነሱ እኛ ጆሯችን መቆሙ አይቀርም። ይህ ቃል በጃማይካ አድርጎ ዓለምን ሲዞር የአገራችንን ስም ተሸክሞ ነውና።

አንዱ ሥራ ደግሞ ስሙ "መዝሙር 150" ነው። ይህ ሲገባኝ ሲዲውን አቁሜ መጽሐፍ ቅዱሴን አነሳሁ። የዳዊትን የመጨረሻ መዝሙር ከልጅነታችን እናውቀዋለን። መለከቱ፣ በገናው፣ መሰንቆው፣ ከበሮው፣ አውታሩ፣ እምቢልታው፣ ጸናጽሉ ሁሉም በስማቸው ይጠራሉ። አንድም መሣሪያ ውጣ አልተባለም። ቀስ ይበል የተባለም የለም። ያን ጊዜ ያ የተነቀለ ገመድ ትዝ አለኝ። አለቀስኩ።

ብዙዎቻችሁ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ጥያቄ በልባችሁ እንደያዛችሁ አውቃለሁ። ለመሆኑ ይህ ዘፈን ነው መዝሙር? የዋዛ ጥያቄ አይደለም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው የሚገመትበት ጥያቄ ነው። እነሱም ከሁለቱም ወገን ተጠይቀውበታል። በ2000 ኦዝፌስት ላይ ተጫወቱ። የሜታል ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርን በስሙ ያዘጋጅ የነበረው የሜታል ድግስ ነው። እዚያ ይመጣ የነበረው ሰው እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚገኝ አልነበረም። በሌላ በኩል በ2003 ያወጡትን አልበም ብዙ የክርስቲያን መደብሮች በሽፋኑ ሥዕል ምክንያት አንሸጥም አሉ። ዓለም እናንተ የቤተ ክርስቲያን ናችሁ ሲላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የዓለም ናችሁ አለቻቸው። መሐል ላይ መቆም ብርድ ነው። ድንበር ላይ ያደጉ ልጆች ስለሆኑ ግን ለመዱት ብዬ አስባለሁ።

የኔን መልስ ከፈለጋችሁ፣ ለእሑድ አምልኮ አልዘምረውም። የጉባኤ መዝሙር ሌላ ሥራ አለው። አያቶችም ልጆችም አብረው ሊሉት ይገባል። ይህ አልበም ግን ማክሰኞ ማታ፣ ከትምህርት ቤት ተናዶ ለገባ ልጅ ነው። ያ ልጅ የሚሰማው ነገር መፈለጉ አይቀርም። ሲፈልግ ስለ ጌታ የሚጮህለት ሰው ቢያገኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንዱ ዘፈናቸው ኤም ቲቪ በሚባለው የሙዚቃ ቴሌቪዥን፣ ተመልካቾች ዘፈን በሚመርጡበት ቲ.አር.ኤል. ፕሮግራም ላይ አንደኛ ወጣ። አልበሙ ፕላቲነም ሆነ። በዚህ አገር ያ ማለት አንድ ሚሊዮን ቅጂ ነው። ተከታዩ አልበም ሳተላይት የወጣው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001፣ በዚያ አስፈሪ ቀን ነው። ከዚህኛውም የበለጠ ተሰማ።

እኔን ግን ሚሊዮኑ አይደለም የሚገርመኝ። የሚገርመኝ አባትየው ናቸው። በ1994 ፕላቲነም የሚባል ነገር በፊታቸው አልነበረም። የነበሩት አራት ልጆችና ጩኸታቸው ናቸው። እሳቸው ይህን ይዘው ነው አሳታሚ ያቋቋሙት።

ስለዚህ ወላጆች፣ አንድ የምጠይቃችሁ ነገር አለ። ከዚህ አዳራሽ ጀርባ የተሰባበሩ ወንበሮች የተከማቹበት ክፍል አለ። መስኮት የለውም። ግድግዳው ወፍራም ነው። ጎረቤት አይረበሽም። ባለፈው ቅዳሜ ከእነዚህ ልጆች ጋር ገብተን አየነው። አንዱ ልጅ በአንድ የወንበር እግር ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ ድምፁን አዳመጠ፣ ከዚያ ፈገግ አለ። ሁለት ሶኬት አለው፣ ሁለቱም ይሠራሉ። ወንበሮቹን እኛ እናወጣለን። ቅዳሜ ከሰዓት ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለልምምድ ይፈቀድላቸው። እኔ አብሬያቸው እሆናለሁ። ቤዜንም አመጣለሁ።

ቁልፉ ያለው ሰው ከስብሰባው በኋላ ያናግረኝ። አሁን ግን አልበሙን እናዳምጥ። አባቶችና እናቶች፣ እባካችሁ ወደ ፊት ጠጋ ጠጋ በሉ። ሚክሰሩ ላይ ያለኸው ወንድሜ፣ ድምፁን ከፍ አድርግልን።