ከጣርማበር ቁልቁል፣ ከባህር ሽቅብ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነኝ፣ ብርዱ እንደምታውቁት ነው። ባለፈው ሳምንት ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር እና ጣርማበርን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ከኋላ አንድ ህፃን ልቅሶውን አቀለጠው፣ እናትየው ብታባብለው ብታባብለው እምቢ፣ አጠገቤ የነበሩት እናት ዞር ብለው «ልጄ፣ ጆሮው ነው፣ ጡት አጉርሺው» አሏት። አጎረሰችው፣ ዝም አለ። ሲውጥ ጆሮው ይከፈታላ! እኔም ጣርማበር ላይ ጠጥቼ ጥብቅ አድርጌ የከደንኩት ባዶ ሃይላንድ፣ ሮቢት ስንደርስ ጎኑ ገባ ገባ ብሎ ተጨማዶ አገኘሁት።

ከዛ ወዲህ የማስበው ስለ ጠላቂዎች ነው፣ ጥልቅ ባህር ውስጥ ገብተው የነዳጅ ቱቦ ስለሚበይዱት ሰዎች። እኛ ወደ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ወርደን ነው ሃይላንዱ የተጨማደደው፣ ባህር ውስጥ ግን 10 ሜትር ብቻ ስትወርዱ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል፣ በየ10 ሜትሩም ያንኑ ያህል ይጨምራል፣ 200 ሜትር ላይ 21 እጥፍ ደረሰ ማለት ነው። ታዲያ ሰው እንዴት አይደቅም? አብዛኛው ገላችን ውሃ ነው፣ ውሃ እንዲህ በቀላሉ አይጨመቅም፣ የሚጨመቀው አየር ያለበት ነው፣ ሳንባ፣ ጆሮ፣ እሱንም የሚተነፍሱት ጋዝ ከውሃው እኩል ግፊት ስላለው ይደግፈዋል።

ችግሩ ጋዙ ነው። ናይትሮጅን ከ30 ሜትር ገደማ ጀምሮ እንደ አረቄ ያሰክራል፣ ስለዚህ ሂሊየም ከኦክስጅን ጋር ይሰጣቸዋል፣ ድምፃቸው ቅጥን ይላል፣ ሂሊየም ሙቀት ስለሚወስድም ልብሳቸው ውስጥ ሙቅ ውሃ ይለቀቅላቸዋል። ጋዙ ደምና ሥጋ ውስጥ እየሟሟ ይገባል፣ አንድ ቀን ገደማ ሲሆነው ሰውነት ይጠግባል፣ ከዛ በኋላ ሳምንትም ቆዩ ወር የመውጫው ጊዜ ያው ነው። ለዚህ ነው መርከብ ላይ ግፊት በተሞላ ክፍል ውስጥ እየበሉ እየተኙ እስከ 28 ቀን የሚኖሩት።

ሰውነት መውረዱን ለመደው፣ መውጣቱ ነው ጣጣው። አምቦ ውሃ ቶሎ ስትከፍቱ ቡልቅ ብሎ የሚወጣውን አረፋ አስቡት፣ እሱ ደም ውስጥ ሲሆን፣ መገጣጠሚያ ውስጥ፣ ሕብለ ሰረሰር ውስጥ። ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላል። ሃልዴን የሚባል የእንግሊዝ ሳይንቲስት በ1908 እ.ኤ.አ. ፍየሎች ላይ ሞክሮ፣ እየቆሙ እያረፉ በደረጃ መውጣት እንደሚያድን አሳየ፣ በክፍሉ የሚኖሩት ደግሞ ግፊቱ የሚቀንስላቸው በቀን የ30 ሜትር ጥልቀት ያህል ብቻ ነው።

እና ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ይሄ ነው፣ እኛ አገር ሰው ሲሞት በነጋታው ቀብር ነው አይደል፣ እዛ ክፍል ውስጥ ላለው ሰው የእናቱ መርዶ ቢመጣ፣ መርከቡ ወደብ ላይ ቢቆም እንኳን፣ ጓደኞቹ በክቧ መስኮት እያዩት፣ በሩ አጠገቡ እያለ፣ ቢከፈትለት ይሞታል። ሳምንት ገደማ ይጠብቃል። ሰልስቷን እንኳን አይደርስም።