ወረፋውን እናሳጥር፦ ስለ ሽቦ አልባ ኔትወርክ መዘግየት በአዳማ የቀረበ ንግግር

እንደምን አደራችሁ!

የተከበራችሁ መምህራን፣ የኔትወርክ ባለሙያዎች፣ ተማሪዎች፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የመጣችሁ እንግዶች፤ ከሩቅም ከቅርብም ወደ አዳማ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ መዘግየት ነው። ከፍጥነት ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ፍጥነት የምንለው በሰከንድ ስንት ሜጋቢት እንደሚያልፍ ነው። መዘግየት ደግሞ አንዲት ፓኬት፣ ማለትም ተቆራርጦ ከሚላከው ዳታ አንዷ ቁራጭ፣ ከስልካችሁ ወጥታ መልሷ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው የመጀመሪያው ነው። ሰው የሚማረረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ነው። እዚህ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ሱቅ ገብታችሁ በሞባይል ስትከፍሉ የሚላከው ዳታ ኢምንት ነው። ለዚያ 50 ሜጋቢት አያስፈልግም። ግን ክቧ ትዞራለች፣ ባለሱቁ ይጠብቃል፣ ከኋላችሁ ያለውም ሰው ይጠብቃል።

የአዲስ አበባ አዳማን ፈጣን መንገድ አስቡ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪናው ይበራል። በበዓል ዋዜማ ክፍያ ጣቢያው ላይ ወረፋ ከተያዘ ግን መንገዱን ብናሰፋው ምን ይጠቅማል? ጊዜው ያለቀው ወረፋው ላይ ነው።

ርቀቱን ለመውቀስ እንቸኩላለን። እስቲ እናስላው። ዳታውን የሚሸከመው ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከዚህ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሶ መልሱ 1 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። 10,000 ኪሎ ሜትር ኬብል አቋርጦ ባህር ማዶ ያለ ሰርቨር ደርሶ ለመመለስ እንኳ 100 ሚሊሰከንድ ይበቃል። ታዲያ 3 ሰከንድ ስንጠብቅ የቀረው ጊዜ የት ሄደ?

ከፊሉ አየር ላይ ነው። ስልክ ሥራ ሲፈታ ባትሪ ለመቆጠብ ከኔትወርኩ ጋር ያለውን ግንኙነት ለቆ ያሸልባል። እንደገና ለመላክ መንቃት አለበት። በ3ጂ ይሄ መንቃት ብቻውን 2 ሰከንድ ገደማ ሊወስድ ይችላል። የ4ጂ መስፈርት ሲወጣ ከ100 ሚሊሰከንድ በታች እንዲሆን ታቀደ። 5ጂ ደግሞ ስልኩ ቢያሸልብም ኔትወርኩ መረጃውን የሚይዝለት መካከለኛ ሁኔታ ጨመረ። ከነቃ በኋላም ስልኩ ዝም ብሎ አይልክም። «የምልከው አለኝ» ብሎ ታወሩን ያስፈቅዳል፣ ፈቃድ ይጠብቃል፣ ከዚያ ይልካል። እያንዳንዱ ምልልስ ጊዜ ይበላል። በመጀመሪያው 3ጂ ትንሹ የመላኪያ ጊዜ 10 ሚሊሰከንድ ነበር። በኋላ 2 ሆነ፣ በ4ጂ 1፣ በ5ጂ ግማሽና ከዚያም በታች። ይህ ጊዜ ባጠረ ቁጥር ተራ መጠበቁም፣ የተበላሸውን መልሶ መላኩም ያጥራል።

ስልክ ታወሩን መጀመሪያ የሚጠራበት መንገድ ሥሩ ሩቅ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ አሎሃኔት የተባለውን በሬዲዮ ዳታ የሚላላክ ኔትወርክ ሥራ አስጀመሩ። የሚልከው ያለው ይልካል፤ ከሌላው ጋር ከተጋጨ ጥቂት ቆይቶ ይደግማል። ይህ አሠራር ቢበዛ ከቻናሉ 18 በመቶውን ነው የሚጠቀመው። ጊዜው እኩል እኩል ተከፍሎ በየክፍሉ መነሻ ላይ ብቻ ሲላክ ወደ 37 በመቶ ከፍ ይላል። ዛሬም ስልካችሁ የመጀመሪያውን ጥሪ የሚያደርገው በዚሁ ሐሳብ ነው። ስታዲየም ሲሞላ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ዳታ እምቢ ከሚልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው፤ ጥሪዎቹ ይጋጫሉ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

እያንዳንዱ ራውተር፣ ሞደምና ታወር በፈር አለው። ፓኬቶች ተራ የሚጠብቁበት ማከማቻ ነው። ሜሞሪ ሲረክስ አምራቾች በፈሩን አተለቁት። ሐሳባቸው ቅን ነው፤ ፓኬት እንዳይጠፋ ነው። ውጤቱን ግን አስሉት። 1 ሜጋባይት በፈር 8 ሜጋቢት ይይዛል። የመላኪያ መስመሩ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከሆነ፣ በፈሩ ከሞላ በኋላ የደረሰች ፓኬት 8 ሰከንድ ትቆማለች። ስምንት ሰከንድ! ለመሙላት ደግሞ ብዙ ሰው አያስፈልግም። ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው የሠርግ ቪዲዮ ሲጭን ይበቃል።

ለምን ይሞላል? ቲሲፒ፣ ማለትም አብዛኛው የኢንተርኔት ዳታ የሚላክበት ደንብ፣ መላኩን እየጨመረ ነው የሚሄደው። በተለመደው አሠራር የሚቀንሰው ፓኬት ሲጠፋ ነው። በፈሩ ትልቅ ከሆነ ፓኬት ቶሎ አይጠፋም። ስለዚህ ላኪው መስመሩ መጨናነቁን ሳያውቅ ይጨምራል። ወረፋው ይከመራል። በዚያው መስመር ላይ ሐኪም ከታካሚ ጋር በቪዲዮ እያወራች ከሆነ ድምፁ ይቆራረጣል። ለጥሩ የድምፅ ንግግር በአንድ አቅጣጫ ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ይመክራል። 8 ሰከንድ ላይ ንግግር የለም።

ጂም ጌቲስ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ ይህን በራሱ ቤት መስመር ላይ ለክቶ በይፋ ተናገረ። ችግሩም «በፈርብሎት»፣ የበፈር ማበጥ እንደማለት፣ ተባለ። በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮደል የተባለውን መፍትሔ አቀረቡ። ኮደል የወረፋውን ርዝመት አይቆጥርም። ፓኬቷ ስንት ጊዜ እንደቆመች ነው የሚያየው። ቆይታው ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ከ5 ሚሊሰከንድ በታች ሳይወርድ ከቀረ ጥቂት ፓኬት ይጥላል። ላኪውም መልእክቱ ይገባውና ይቀንሳል። ኤፍኪው-ኮደል ደግሞ ለየግንኙነቱ የራሱን ወረፋ ይሰጣል። ትንሿ የክፍያ መልእክት ከሠርጉ ቪዲዮ ኋላ አትሰለፍም። ለኔ ከ5ጂ ይልቅ የሚያስደስተኝ ይሄ ነው። አዲስ ታወር አይጠይቅም። ብዙ ራውተር በሚሠራበት ነፃ ሶፍትዌር፣ ሊኑክስ ውስጥ አለ። ኦፕንደብልዩአርቲ የተባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር የሚቀበል ራውተር ካላችሁ ዛሬ ማብራት ትችላላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ወረፋው ሞደሙ ውስጥ ከሆነ የራውተሩን ፍጥነት ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ አድርጉት። ያኔ ወረፋው እናንተ ወደምትቆጣጠሩት ቦታ ይመጣል። የሞባይል መስመር ግን ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ አንዴ የተሞላ ቁጥር አይበቃም፤ እየለኩ ማስተካከል ይፈልጋል።

ዋይፋይ ሌላ ጣጣ አለው። ጥግ ላይ ሲግናል የደከመበት ላፕቶፕ በዝቅተኛ ፍጥነት ሲልክ አየሩን ረጅም ጊዜ ይይዛል። ሌላው ሁሉ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ለሁሉም እኩል የአየር ጊዜ የሚሰጥ መሣሪያ ምረጡ።

አፕና ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች፣ እናንተም ድርሻ አላችሁ። በቲሲፒና ግንኙነቱን በሚመሰጥረው በቲኤልኤስ 1.2 ገጽ ሲከፈት ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት ሦስት ደርሶ መልስ ያልቃል። አንዱ 200 ሚሊሰከንድ ከሆነ 600 ሚሊሰከንድ ባዶ ስክሪን ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. መስፈርቱ የወጣው ኩዊክ የተባለ አዲስ የመላኪያ ደንብ ግንኙነት መክፈቱንና ማመስጠሩን አጣምሮ በአንድ ደርሶ መልስ ይጨርሰዋል። ሰርቨራችሁ ላይ አብሩት።

ከየመሥሪያ ቤቱ የመጣችሁ የግዥ ሰዎች፣ አጥብቄ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ጨረታ ስታወጡ ሜጋቢት ብቻ አትጻፉ። መስመሩ በሥራ ተጨናንቆ እያለ ፒንግ፣ ማለትም የሚለካው የደርሶ መልስ ጊዜ፣ ከስንት ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ጻፉ። ያልተጠየቀ ነገር ማንም አያሻሽልም። ኦፕሬተሮችም ባዶ መስመር ላይ የተለካ ፒንግ አታሳዩን። ማታ 2 ሰዓት፣ ሰው ሁሉ ቪዲዮ ሲያይ የተለካውን አሳዩን።

ከሻይ በኋላ ላብራቶሪ እንገባለን። አንዱ ቡድን ትልቅ ፋይል እየጫነ ራውተሩን እንዳለ ይለካል፣ ሌላው ኤፍኪው-ኮደል አብርቶ ይለካል። ላፕቶፕ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።