ፈተናው ከታረመ በኋላ

የተከበራችሁ ርዕሰ መምህራችን፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ጓደኞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

«ትምህርት ቤቱን አንቺ ብትመሪው ምን ትለውጫለሽ?» ተብዬ ስጠየቅ ቶሎ ትዝ ያለኝ አንድ የፈተና ወረቀት ነው። ባለፈው ዓመት የሒሳብ ፈተናዬ ሦስት ጥያቄዎች ላይ ቀይ ተሰምሮበት ተመለሰልኝ። ማርኬን አየሁ፣ አጠፍኩት፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ አዲስ ምዕራፍ ጀመርን። እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ዛሬም መሥራት አልችልም። ከዚያ ቀን ወዲህ የጠየቀኝም የለም።

እኔ ብመራው ከዚህ እጀምራለሁ። ፈተና ታርሞ ሲመለስ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለእሱ ይሰጣል። ተማሪው የሳተውን እንደገና ይሠራል፣ ምን አሳስቶት እንደነበር በራሱ ቃል ከጎኑ ይጽፋል። በትክክል ካረመው ካጣው ማርክ ግማሹ ይመለስለታል። ይህ ሰነፍን መሸለም ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ስህተቱ ፊት ቁጭ ብሎ እስኪገባው የታገለ ልጅ ሰነፍ ነው ብዬ አላምንም። የመምህራኖቻችን ድካምም አይጠፋኝም፤ ወረቀት ተሸክመው ወደ ቤት ሲሄዱ እናያቸዋለን። ስለዚህ ከቴስቶቹ አንዱን አስቀራለሁ፤ ጊዜው ለእርማቱ ይውላል።

ቴስት ልቀንስ እንጂ መጠየቅ ይቅር አልልም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገር እና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ከፋፍለው አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ አነበበው። ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ሳያዩ የጻፉት 61 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ያነበቡት ጋ የቀረው 40 በመቶው ነበር። ይህን ሳውቅ አዘንኩ። እኛ በፈተና ዋዜማ እያነበብን የምናድረው ያችን 5 ደቂቃ ለማሸነፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ባለፈው ሳምንት ከተማርነው በጥቂት ጥያቄዎች ይጀምር፤ ማርክ አይያዝበት። ማርክ ከሌለው የሚፈራም የሚኮርጅም አይኖርም።

ሌላው የምለውጠው ነገር ምንም ወጪ የለውም። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ ተመራማሪ በክፍል ውስጥ የሚቀረጸውን ድምፅ ሲያዳምጡ፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አገኙ። ወደ 3 ሰከንድ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ጀመሩ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ ጓደኞቼን አስባለሁ። ብዙዎቹ መልሱን ያውቁታል፤ እጃቸውን ሊያወጡ ሲሉ ግን ጥያቄው አልፏል።

ስለ ጠዋት መግቢያ ሰዓት ብዙ አልልም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከጠዋቱ 2፡30 በፊት ባይጀምሩ ይሻላል ብሏል። በጉርምስና ዕድሜ እንቅልፍ የሚመጣው ዘግይቶ ነውና። የትራንስፖርቱንና የወላጆችን የሥራ ሰዓት ስለሚነካ ግን ብቻዬን አልወስነውም፤ ወላጆችን ጠርቼ እመክርበታለሁ።

የፈተና ፕሮግራም ሲወጣም ከየክፍሉ የተመረጠ ተማሪ ስብሰባው ላይ ይገኝ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ አንቀጽ 12፣ ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን የመግለጽና የመደመጥ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በአንድ ቀን ሦስት ፈተና ሲደራረብ መጀመሪያ የምናውቀው እኛ ነን።

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ሁሉም ዛሬውኑ ይሁን አልልም። እርማቱን በዚህ ሴሚስተር፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ትምህርት እንሞክረው። የእኛ ክፍል ተነጋግሮበታል፤ ፈቃደኞች ነን። የሒሳብ ወረቀቴን አልጣልኩትም፣ ይዤው እመጣለሁ።

አመሰግናለሁ።