ኢቫንስ መርከቡን ሲያዞር

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ስለ አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ላውራችሁ፤ ኧርነስት ኢቫንስ ይባላል። ዕድሜውን የሰጠው ለዲስትሮየሮች ነው፤ ፈጣን፣ ግን ብረታቸው ስስ ለሆኑ ትንንሽ የጦር መርከቦች።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጥራቸው። በ1908 ኦክላሆማ ውስጥ ተወለደ፤ ከቼሮኪና ከክሪክ ነባር ሕዝቦች ወገን ነው። በተራ መርከበኝነት ጀምሮ፣ ተወዳድሮ የባሕር ኃይሉ አካዳሚ ገብቶ በ1931 ተመረቀ። በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጃፓን ጋር በተደረገው የጃቫ ባሕር ውጊያ ላይ፣ አልደን በተባለች አሮጌ ዲስትሮየር ምክትል አዛዥ ነበረ። ወገን ተሸነፈ፤ አልደንም አፈግፍጋ ወጣች። ያ ነገር ውስጡ የቀረ ይመስለኛል፤ በ1943 ጆንስተን የተባለችውን አዲስ መርከብ ሲረከብ፣ ይህች መርከብ ወደ አደጋ ነው የምትሄደው፣ የማይፈልግ አሁኑኑ ይውረድ ብሏቸዋልና።

ኦክቶበር 25 ቀን 1944 ማለዳ፣ ፊሊፒንስ ሳማር ደሴት አጠገብ የጃፓን ከባድ መርከቦች ድንገት ብቅ አሉ። ያማቶም አለች፤ የመድፏ አፍ 46 ሳንቲሜትር፣ የጆንስተን 12.7። ኢቫንስ ትእዛዝ አልጠበቀም። የወገንን አውሮፕላን ተሸካሚዎች በጭስ ጋርዶ ብቻውን ወደ ጠላት ነዳ፤ አሥሩንም ቶርፒዶ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ፣ ተኮሰ፤ ኩማኖ የተባለችውን ክሩዘር፣ ከዲስትሮየር የምትበልጥ የጦር መርከብ፣ መታ። ወዲያው ዛጎል ወረደበት። ከግራ እጁ ሁለት ጣት ሄደ፤ የኋላው ሞተር ክፍል ተመታ፤ የመርከቧ ፍጥነት በግማሽ ወረደ።

እኔ ሁልጊዜ የምቆመው እዚህ ነው። ቶርፒዶ የለው፣ ፍጥነት የለው፤ ቢመለስ ማን ይወቅሰዋል? ሌሎቹ ዲስትሮየሮች ለማጥቃት ሲያልፉ አየ። መድፉ ገና ይሠራል። መርከቡን አዞረና ተከተላቸው። በኋላ የላይኛው ማዘዣ ሲቃጠል ወደ ኋላ ሄዶ፣ ታች መሪውን በጉልበት ለሚያዞሩት በቀዳዳው እየጮኸ ያዛቸው ነበር።

ከ327 ሰዎች 186ቱ አልተመለሱም፤ እሱም አልተመለሰም። ከስድስቱ ተሸካሚዎች ግን በመድፍ የሰመጠችው አንዲት ብቻ ናት፤ ጃፓኖቹም ፊታቸውን አዙረው ሄዱ። ለዚህ አከብረዋለሁ።

ግን ያ «ይውረድ» ያለው ነገር አይለቀኝም። አንድ የ19 ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ፊት ሻንጣውን አንስቶ እንዴት ይወርዳል? አይችልም። ምርጫው የአዛዡ ነበር፣ ዋጋው የሁሉም። ከተረፉት አንዱ፣ የመድፍ መኮንኑ፣ በ1945 ስለ ኢቫንስ በአድናቆት ጽፏል፤ አምነዋለሁ። እሱ ግን ላይ ነበር፤ ሁሉን ያያል። እኔ መስማት የምፈልገው ያን ቀን ታች፣ ሞተር ክፍል የነበሩትን ነው።