ኮዱ ከኮሚት በፊት በራሱ ይፈተሽ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ኮድ የለውጦች መመዝገቢያ ወደሆነው ወደ ጊት ከመግባቱ በፊት (እያንዳንዱ ምዝገባ «ኮሚት» ይባላል) በራሱ እንዲፈተሽ ስለማድረግ ከቀረቡልን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። ኮማንዶቹን በጆሮ ለመያዝ እንዲመች በአነባበባቸው አስቀምጠናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከአዲስ አበባ ነው። አራት ሆነን በፓይተኑ የዌብ ፍሬምወርክ በጃንጎ እንሠራለን። ሪቪው ላይ ጊዜያችንን የሚበላው ትርፍ ክፍት ቦታ፣ የመስመር ርዝመትና ኢምፖርት ተደርጎ ያልተሠራበት ሞጁል ነው። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ እነዚህን ለማሽን ስጡት፤ የሰው ዓይን ለሎጂኩ ይቆይ። በተደበቀው የጊት ፎልደር ሥር «ሁክስ» የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ «ፕሪ-ኮሚት» የሚል፣ የማስኬጃ ፈቃድ ያለው ስክሪፕት ካለ ጊት ኮሚቱን ከመመዝገቡ በፊት ያስኬደዋል፤ እንዲህ በራሱ የሚሄድ ፍተሻ «ሁክ» ይባላል። ስክሪፕቱ ዜሮ ከመለሰ ኮሚቱ ያልፋል፤ ሌላ ቁጥር ከመለሰ ይቆማል። ችግሩ ሪፖው፣ ማለትም የኮዱ ማከማቻ፣ በክሎን ሲገለበጥ ይህ ፎልደር አይተላለፍም፤ አንዳችሁ የጻፋችሁት ስክሪፕት ሦስታችሁ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ያንኑ ስም የያዘውን ፕሪ-ኮሚት የተባለውን መሣሪያ ተጠቀሙ። የፍተሻው ዝርዝር በአንድ የያምል (የቅንብር ጽሑፍ) ፋይል ከኮዱ ጋር ሪፖው ውስጥ ይቀመጣል።

መጀመሪያ «ፒፕ ኢንስቶል ፕሪ-ኮሚት» ብላችሁ ጫኑት። ከዚያ በሪፖው ዋና ፎልደር ላይ በነጥብ የሚጀምረውን የፕሪ-ኮሚት-ኮንፊግ ፋይል ጻፉ። በመጨረሻ አራታችሁም፣ እያንዳንዳችሁ በየማሽናችሁ፣ «ፕሪ-ኮሚት ኢንስቶል» በሉ። ይህችን የዘለለ ሰው የያምል ፋይሉ ቢኖረውም ምንም አይፈተሽለትም፤ ደግሞም በብዛት የምትረሳው እሷ ናት።

ዝርዝሩን አጭር አድርጉት። የመስመር መጨረሻ ላይ የቀረ ክፍት ቦታ የሚያጠፋው፣ የፋይል መጨረሻን የሚያስተካክለው፣ የያምልን አጻጻፍ የሚያየው፣ የመርጅ ግጭት ምልክት ኮዱ ውስጥ መቅረቱን የሚይዘውና ትልቅ ፋይል እንዳይገባ የሚከለክለው ይበቃሉ። የመጨረሻው ካልቀየራችሁት ከ500 ኪሎባይት በላይ የሆነ አዲስ ፋይል አያሳልፍም። ለፓይተን ኮዱ ራፍን ጨምሩ፤ ሁለት ሥራ አለው፣ መፈተሽና ቅርጽ ማስያዝ። ፈታሹ ስህተቱን ራሱ እንዲያርም ካዘዛችሁት ከቅርጽ አስያዡ ይቅደም፤ እርማቱ የሚያበላሸውን ቅርጽ ሁለተኛው መልሶ እንዲያስተካክለው።

አሁን «ፕሪ-ኮሚት ረን» ብላችሁ ሁለት ሰረዝና «ኦል-ፋይልስ» አስከትሉ። አሮጌው ኮድ በሙሉ ይነካል፣ ብዙ መቶ መስመር ሊቀየር ይችላል። ይህን ለብቻው አንድ ኮሚት አድርጉት እንጂ ከሌላ ሥራ ጋር አትቀላቅሉት። ያልተዋሃዱ ብራንቾች ካሉ ቀድማችሁ መርጅ አድርጉ፣ አለበለዚያ ግጭቱ ያሰለቻችኋል። የዚያን ኮሚት መለያ ቁጥር ደግሞ በነጥብ በሚጀምረው «ጊት-ብሌም-ኢግኖር-ሬቭስ» ፋይል ላይ ጻፉትና በየማሽናችሁ ጊት ኮንፊግ ላይ ፋይሉን አሳዩት። ያኔ «ጊት ብሌም» ስትሉ እውነተኛው ጸሐፊ ይወጣል፤ ለዚህ ጊት 2.23 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ኮሚት ሳደርግ «ፌይልድ» ይለኛል፣ ምንም ሳልነካ ፋይሉን አድ አድርጌ ስደግመው ያልፋል። ተበላሽቶብኝ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም፣ እህታችን። አራሚው ፋይሉን አስተካክሏል፤ ግን ኮሚት ሊደረግ ስቴጅ ላይ የነበረው አሮጌው ቅጂ ስለሆነ ሳያዩት እንዳያልፍ አቁሞታል። «ጊት ዲፍ» ብለው የቀየረውን ይዩ፣ «ጊት አድ» ያድርጉ፣ ኮሚቱን ይድገሙ። ዲፉን ሳያዩ መድገም ልማድ አይሁንብዎት። አንድ ፋይል በተደጋጋሚ የሚወድቅ ከሆነ ግን ሁለት መሣሪያዎች በአንድ መስመር ላይ እየተሻሙ ነው፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሳል። የታወቀው ምሳሌ ቅርጽ አስያዡ ብላክና ኢምፖርቶችን የሚደረድረው አይሶርት ናቸው፤ መፍትሔውም አይሶርት ላይ ፕሮፋይሉን «ብላክ» ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው። ቴስቱን ሁሉ ሁኩ ውስጥ አስገባነው። አንድ ኮሚት አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ ልጆቹ ደግሞ «ኖ-ቬሪፋይ» ማለት ጀመሩ። እንከልክላቸው?

መልስ፦ መከልከል አይቻልም፤ «ኖ-ቬሪፋይ» የጊት የራሱ መንገድ ነው፣ ሁኩን ሙሉ በሙሉ ይዘላል። ልጆቹም አልተሳሳቱም። በቀን ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ሥራ ላይ ደቂቃ ተኩል ማስጠበቅ አይገባም፤ ከኮሚት በፊት ያለው ፍተሻ ከጥቂት ሰከንዶች እንዳያልፍ አድርጉት። ቴስቱን ወደ ፑሽ አውርዱት፦ ያምሉ ላይ የዚያን ሁክ «ስቴጅስ» «ፕሪ-ፑሽ» በሉት። ከዚያ «ፕሪ-ኮሚት ኢንስቶል» ብላችሁ ሁለት ሰረዝና «ሁክ-ታይፕ ፕሪ-ፑሽ» አስከትሉ። ይህ ሁለተኛው ከተረሳ ቴስቱ የትም አይሄድም፣ ማንም ሳያውቅም ይቆያል።

የፓይተን ታይፕ ፈታሹ ማይፓይ ካላችሁ ለብቻው ተመልከቱት። ፕሪ-ኮሚት እያንዳንዱን መሣሪያ በራሱ ገለልተኛ ቦታ ስለሚጭን ማይፓይ የእናንተን ጃንጎ አያየውም፤ «ሞጁሉ አልተገኘም» እያለ ያስቸግራል። የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች «አዲሽናል-ዲፔንደንሲስ» ሥር ጻፉለት። በተጨማሪም የሚሰጠው የተቀየሩትን ፋይሎች ስም ብቻ ነው፤ አንድ ፋንክሽን ቀይራችሁ የሚጠራው ሌላ ፋይል ቢሰበር ላያየው ይችላል። እኛ ብንሆን ማይፓይን ወደ ሲአይ፣ ፑሽ የተደረገውን ኮድ ሰርቨር ላይ በራሱ ወደሚፈትሸው ሥርዓት፣ እናወጣዋለን።

ዋናው መዝጊያ ያለው እዚያው ሲአይ ላይ ነው። ያንኑ «ረን ኦል-ፋይልስ» ሰርቨሩ ላይ አስኪዱት፤ እሱ ሳያልፍ ወደ ዋናው ብራንች መርጅ እንዳይደረግ ቆልፉት። በማሽን ላይ የተዘለለ የኮሚት ፍተሻ ሁሉ እዚያ ይያዛል፤ ወደ ፑሽ ለወረደው ቴስት ግን ሁለት ሰረዝና «ሁክ-ስቴጅ ፕሪ-ፑሽ» ጨምራችሁ ኮማንዱን ድገሙት። አንድ ፍተሻ ብቻ መዝለል ለፈለገ ሰው ደግሞ ከኮማንዱ በፊት «ስኪፕ» ብሎ እኩል ምልክትና የሁኩን ስም መጻፍ ይበቃዋል፤ የቀሩት ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ ከጅማ፣ በሞባይል ዳታ ነው የምሠራው። የመጀመሪያው ኮሚት ላይ ኔትወርክ ሲቋረጥ ኮሚቱም እምቢ አለኝ።

መልስ፦ መሣሪያዎቹ የሚወርዱት መጀመሪያ ሲፈለጉ ስለሆነ ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሲሆኑ «ፕሪ-ኮሚት ኢንስቶል-ሁክስ» ይበሉ፤ ሁሉንም አውርዶ በሆም ፎልደርዎ ካሽ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እንደገና የሚያወርደው ያምሉ ላይ የአንዱ መሣሪያ ቨርዥን ሲቀየር ነው። ስለዚህ ቨርዥኖቹን የሚያድሰውን «ኦቶ-አፕዴት»ን ቡድኑ በየቀኑ አያስኪደው፣ ከተቻለ ቀን ተቆርጦለት በወር አንዴ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ለማኅበረሰባችን የአማርኛ አፕ እንሠራለን፤ የትርጉም ጽሑፉ በጄሰን ፋይል ነው። አንዳንዴ ፋይሉ አልነበብም ይላል። አጻጻፉም አንዱ «ዓመት»፣ ሌላው «አመት» ነው። በሁክ ይያዛል?

መልስ፦ ሁለቱም ይያዛሉ። የመጀመሪያው ምናልባት ፋይሉ መግቢያ ላይ የሚቀመጥ፣ በዓይን የማይታይ 3 ባይት ምልክት ነው። የዊንዶውስ ኖትፓድ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 1903 ቨርዥን በፊት «ዩቲኤፍ-8» ብላችሁ ስታስቀምጡ ይጨምረው ነበር፤ የፓይተን የጄሰን አንባቢም ስህተት ይላል። «ፊክስ-ባይት-ኦርደር-ማርከር» የሚባለው ሁክ ያጠፋዋል። «ቼክ-ጄሰን»ንም አብራችሁ አስገቡ፤ የተረሳ ኮማ ይይዛል።

ለፊደሉ ያምሉ ላይ «ሎካል» ሁክ ጻፉ፤ «ላንጉጅ» የሚለው ቦታ ላይ «ፓይግሬፕ»፣ «ኢንትሪ» ላይ የማትፈልጉትን ቃል። «አመት» ብቻ ብትጽፉ «በአመት»ና «ለአመት»ንም ይይዛል፣ ቅጥያ ሲመጣ ግን ፊደሉ ይለወጣልና «አመቱ» እና «አመታዊ» ያመልጡታል። ስለዚህ «አመት»፣ «አመቱ»፣ «አመታ» ብላችሁ በቋሚ መስመር እየለያችሁ ዘርዝሩ። ፊደሎቹን አራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ አታስገቡ። ፓይግሬፕ የሚያነበው በባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ይይዛል። የመጀመሪያው ባይት ለተለመዱት ፊደሎቻችን ሁሉ አንድ ስለሆነ ቅንፉ አማርኛ ያለበትን መስመር በሙሉ ስህተት ያደርገዋል። ፍተሻውንም «ፋይልስ» በሚለው የትርጉሙ ፎልደር ላይ ብቻ ወስኑት።

ፋይሎቹን እያያችሁ ሳለ የሚስጥር ቁልፍ እንዳልገባባቸውም አረጋግጡ። «ዲቴክት-ፕራይቬት-ኪ» በዋናነት የሚይዘው «ቢጊን ... ፕራይቬት ኪ» የሚል መግቢያ ያላቸውን ቁልፎች ነው፤ ለኤፒአይ ቁልፍ ጊትሊክስ የተባለውን የሚስጥር ፈታሽ ጨምሩ። ቁልፉ አስቀድሞ ፑሽ ተደርጎ ከሆነ በሚቀጥለው ኮሚት መሰረዝ አያድነውም፣ ታሪኩ ውስጥ ይነበባል። መጀመሪያ ቁልፉን ባወጣላችሁ አገልግሎት ላይ ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ፤ ታሪኩን ማጽዳት ከዚያ በኋላ ነው።