ኮምፓይለሩ የትኛውን «አሳይ» ይጠራል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የሙያ ጓደኞቼ።

ሙሉ ቀን ስለፈጀብኝ አንድ ስህተት ላጫውታችሁ። በሲ ሻርፕ የፕሮግራም ቋንቋ ሁለት ጀነሪክ ኤክስቴንሽን ሜተዶች (ለብዙ ታይፕ የሚሠሩ፣ ክላሱን ሳይነኩ ከውጭ የሚጨመሩ ሜተዶች) ጽፌ ነበር። ሁለቱንም «አሳይ» እንበላቸው። አንደኛው ማንኛውንም ቲ (ቲ የማንኛውም ታይፕ ምትክ ስም ነው) ተቀብሎ ቱስትሪንግ፣ ማለትም ነገሩን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ሜተድ፣ የሚመልሰውን ያትማል። ሁለተኛው አይኢኒዩመረብል ኦፍ ቲ (ውስጡ አንድ በአንድ ሊታይ የሚችል ስብስብ) ተቀብሎ ውስጡ ያለውን አንድ በአንድ ያትማል። የቁጥሮች ሊስት ላይ «አሳይ» ብዬ ጠራሁ። ቁጥሮቹን ስጠብቅ የሊስቱ ታይፕ ረጅም ስም ወጣ። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያም የለም።

ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ተርጉሞ ፕሮግራም የሚያደርገው፣ ሁለቱን እጩዎች አወዳድሯል። በአንደኛው ቲ ራሱ ሊስቱን ይሆናል፤ ልክክ ይላል። በሁለተኛው ሊስቱ ወደ አይኢኒዩመረብል ኢንተርፌስ መቀየር አለበት። ስለዚህ ልክክ ያለው አሸነፈ። እኔ «ሁለተኛውን የጻፍኩት ለሊስት ነው» ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ሐሳቤን አያነብም።

ከዚያ ሊስቱን ባወጅኩበት መስመር ላይ ቫር የሚለውን (ታይፑን ለኮምፓይለሩ የሚተወውን ቃል) አጥፍቼ አይኢኒዩመረብል ብዬ ጻፍኩ። ያው ሊስት፣ ያው ቁጥሮች። አሁን ሁለቱም እኩል ልክክ አሉ። እኩል ሲሆኑ ደግሞ ይበልጥ የተወሰነው ይመረጣል። ቁጥሮቹ ወጡ! ምርጫው የሚያየው ቫሪያብሉ የታወጀበትን ታይፕ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ ውስጡ ምን እንዳለ አያይም።

የእኔ ስህተት ቢያንስ ስክሪን ላይ ታየ። ዳታቤዝ ላይ ሲሆን ግን ይከብዳል። አይኩዌሪየብል (ወደ ዳታቤዝ የሚላክ ጥያቄ) የነበረውን አይኢኒዩመረብል ለሚቀበል ፈንክሽን አሳልፉና እዚያ ውስጥ «ዌር» የሚባለውን የማጣሪያ ሜተድ ጥሩት። የሚመረጠው የአይኢኒዩመረብሉ «ዌር» ነው፤ ማጣሪያው ወደ ዳታቤዙ አይሄድም። ሰንጠረዡ በሙሉ ወደ ፕሮግራማችሁ ይመጣና እዚያ ይጣራል። ውጤቱ ትክክል ስለሆነ ቴስቱ ያልፋል። ዳታው ሲበዛ ነው ጉዱ የሚታየው።

ኮንስትሬይንት፣ ማለትም ቲ ምን ዓይነት ታይፕ መሆን እንዳለበት የሚወስን ገደብ፣ ያድነናል የሚል አለ። በ2018 ከወጣው ሲ ሻርፕ 7.3 ወዲህ ኮንስትሬይንቱን የማያሟላ እጩ ከውድድሩ ይወጣል። ያ ትልቅ መሻሻል ነው። ግን «ሊስት ያልሆነ ቲ» ብሎ መጻፍ አይቻልም፤ የእኔን ችግር አይፈታም።

አንድ ነገር ልጨምር። ክላሱ ራሱ የሚስማማ ሜተድ ካለው ኤክስቴንሽናችሁ ለውድድር እንኳ አይቀርብም። የላይብረሪው ባለቤት ነገ ተመሳሳይ ስም ቢጨምር፣ ኮዳችሁን ዳግም ኮምፓይል ስታደርጉ የእናንተው ዝም ብሎ ይቀራል።

እኔ በመጨረሻ የሁለተኛውን ስም «ዘርዝር» ብዬ ቀየርኩት። የምለምናችሁም ይህንኑ ነው፤ ኮድ ስትገመግሙ እንደ አንደኛው «አሳይ» ማንኛውንም ቲ የሚቀበል ኤክስቴንሽን ካያችሁ፣ በዚያው ስም ሌላ እንዳለ ፈልጉ።

አመሰግናለሁ።